ካባ የለበሰ ፊደል

ስሙን ባታውቁት እንኳ መልኩን ታውቁታላችሁ። በምረቃ ወረቀታችሁ አናት ላይ «ዲፕሎማ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ተሸክሞ የቆመው እሱ ነው። በውጭ አገር ቢራ ጠርሙስ ላይ ታገኙታላችሁ፤ በኒው ዮርክ ታይምስና በፈረንሳዩ ለ ሞንድ ጋዜጦች ግንባር ላይ ታገኙታላችሁ፤ በጎረምሳ ክንድ ላይ በተነቀሰ የእናት ስምም እንዲሁ። ወፍራም ነው፤ ጥቁር ነው፤ ማዕዘን ይበዛዋል። ክብ መሆን የሚገባው አካሉ እንኳ ጉልበት ላይ እንደተሰበረ ጭራሮ ቀጭ ቀጭ ያለ ነው። ትላልቆቹ ፊደላት ደግሞ ጭራ አውጥተው፣ በቀጫጭን መስመር ተሸልመው ይቆማሉ። ፈረንጆቹ «ጥቁር ፊደል» ይሉታል፤ «ጎቲክ» የሚሉትም አሉ። ብዙዎቻችን ኮምፒዩተር ላይ የምናገኘው «ኦልድ ኢንግሊሽ ቴክስት» በሚል ስም ነው። እኔ ግን የራሴን ስም አውጥቼለታለሁ፤ ካባ የለበሰ ፊደል እለዋለሁ።

መቼም ካባን የማያውቅ የለም። ካህን ይለብሰዋል፤ ሙሽራ ይለብሰዋል፤ ተመራቂ ይለብሰዋል፤ በዱሮው ዘመን ሹም ይለብሰው ነበር። የለበሰው ሰው ማን እንደሆነ ሳናጣራ ከመቀመጫችን ብድግ እንድንል ያደርገናል። ነገር ግን ካባ አንድ ሌላ ጠባይ አለው፤ ይከራያል። ቅዳሜ አንዱን ሙሽራ አክብሮ የዋለ ካባ እሑድ በሌላው ትከሻ ላይ ነው። ካባው ግን «አንተ ማነህ? ይገባሃል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ይህ ፊደልም እንዲሁ ነው። በማተሚያ ቤት ዓለም ብቻ ከ550 ዓመት በላይ ለመጣው ሁሉ ሲከራይ ኖሯል። እስቲ ከተከራዮቹ ጥቂቶቹን ላስተዋውቃችሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በጌጥ ሳይሆን በቁጠባ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን አውሮፓ ትምህርት ቤቱም ተማሪውም እየበዛ ሲሄድ መጽሐፍ ፈላጊው በረከተ። ብራና ደግሞ ውድ ነው። አንድ ዳዊት ለማስጻፍ ስንት ፍየል እንደሚታረድ የሚያውቅ ሰው ይህንን ለማስረዳት አያስቸግርም። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ ፊደሉን አጠበቡት፤ እርስ በርሱም አስጠጉት። አፉ ሰፋ ተደርጎ በተቆረጠ ብዕር፣ እጅን በአንድ ወገን አዘንብሎ ቶሎ ቶሎ ሲጻፍ፣ ክቡ ተሰብሮ ማዕዘን ሆነ። ገጹ ከሩቅ ሲታይ የተሸመነ ጨርቅ መሰለ። ከዚህ ፊደል ዓይነቶች ዋነኛው «ቴክስቱራ» የተባለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሽመና እንደማለት። ኋላ የመጣው የጀርመኖች «ፍራክቱር» ደግሞ ስሙን ያገኘው «የተሰበረ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው።

ሽመናው ለዓይን ያምራል፤ ለአንባቢ ግን ፈተና ነው። «ሚኒሙም» የሚለው የላቲን ቃል በቴክስቱራ ሲጻፍ ጎን ለጎን የተተከሉ 15 ቋሚ ዘንጎች ይሆናል። የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ያልለመደ ሰው አያውቀውም፤ አጥር ነው የሚመስለው። ዛሬ በላቲኗ «አይ» ራስ ላይ የምናያት ነጥብም ሥራዋ ይህችን ቀጭን ፊደል ከጎረቤቶቿ መለየት ነበር። የጣልያን ሊቃውንት ይህንን አጥር ጠሉት። እነሱ የሚወዱት ዛሬ በተለመደው የላቲን መጽሐፍ የምናየውን ክብ ክቡን ፊደል ነበርና፣ ይህኛውን «የጎቶች» አሉት፤ የአረመኔዎቹ ማለታቸው ነው። «ጎቲክ» የሚለው ስም እንግዲህ ሲወለድ ስድብ ነበር።

በ1450ዎቹ ጀርመናዊው ዮሐንስ ጉተንበርግ ማይንዝ ከተማ ውስጥ የእርሳስ ፊደል አዘጋጅቶ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያትም የተጠቀመው በዚሁ በቴክስቱራ ነው። ፊደሉ የሰው እጅ እንዲመስል ሲል ወደ 290 የሚጠጉ ልዩ ልዩ ቅርፆች አስቀርጿል። ስለ ጉተንበርግ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው ይኸው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን በዚያው ሰሞን በዚያው ከተማ የታተመ አንድ ብጣሽ ወረቀት ነው። በ1454 እና በ1455 ማይንዝ ላይ የኃጢአት ስርየት ወረቀት ታትሟል። የወረቀቱ ዝርዝር በትንሽ ፊደል ይጻፍና አውራ አውራ ቃላቱ በወፍራሙ ጥቁር ፊደል ይወጣሉ፤ የገዢው ስም በእጅ እንዲሞላ ባዶ ቦታ ተትቶለታል። ገንዘቡን የከፈለ ሰው ስሙን አስሞልቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ልብ በሉ እንግዲህ። ከላይ ወፍራም ፊደል፣ ከሥር ትንሽ ፊደል፣ በመካከሉ ለስም የተተወ ባዶ ቦታ። ዛሬ የምስክር ወረቀት የምንለው ነገር መልኩ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም።

በ1517 ማርቲን ሉተር የተነሣው የዚህን ዓይነቱን የስርየት ወረቀት ሽያጭ ተቃውሞ ነው። እሱ ወደ ጀርመንኛ የተረጎመው አዲስ ኪዳን በ1522 ዊተንበርግ ላይ ሲታተምስ በምን ፊደል ታተመ? በጥቁር ፊደል። «ሽቫባኸር» በሚባለው፣ ክብነት በሚታይበት ዓይነቱ። ስርየት ሻጩም ሻጩን የተቃወመውም የለበሱት አንድ ካባ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌላው አውሮፓ ቀስ በቀስ ወደ ክቡ ፊደል ሲዞር ጀርመኖች ከጥቁሩ ጋር ቀሩ። ጋዜጣቸውም፣ የልጆች መጽሐፋቸውም፣ የመጠጥ ቤት ሰሌዳቸውም በፍራክቱር ሆነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማስታወቂያ ሲስፋፋ ፊደሉን ይበልጥ አደለቡት። ዮሐን ክርስቲያን ባወር የተባለው ፊደል ቀራጭ የሠራው «ፌተ ፍራክቱር» እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው። ትርጉሙ «ወፍራሙ ፍራክቱር» ማለት ነው፤ ስሙ አላጋነነም። በመንገድ ማዶ ያለ ሰው ሳይቀር እንዲያየው የተሠራ ነው።

ታዲያ ፊደል ብዙ ዘመን አብሮ ሲኖር ፊደል መሆኑ ይቀርና ማንነት ይሆናል። በ1911 የጀርመን ምክር ቤት ትምህርት ቤቶች ክቡን ፊደል ከጥቁሩ እኩል ያስተምሩ ወይስ አያስተምሩ በሚል ክርክር ገጠመ፤ ጉዳዩም ወድቆ ቀረ። ክርክሩ ስለ ብዕር አጣጣል አልነበረም። «እኛ ማን ነን?» የሚል ነበር። በፊደል ጉዳይ የተካረረ ክርክር ለሰማ ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ካባውን ተከራዩ፤ እንዲያውም ወረሱት ቢባል ይሻላል። «ታነንበርግ»፣ «ናሲዮናል» የሚሉ ስሞች የተሰጧቸው አዳዲስ ጥቁር ፊደላት ወጡ። ጌጣቸው ተራግፎ ቀጥ ብለው የተሰለፉ ስለነበሩ ፊደል ለቃሚዎቹ በወታደር ቡትስ ጫማ መሰሏቸው። በ1937 የይሁዲ አሳታሚዎች በዚህ ፊደል እንዳያትሙ ተከለከሉ። የጀርመን ፊደል ነውና ለእናንተ አይገባም ነው ነገሩ። ገና አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 3 ቀን 1941፣ የሂትለር ሹም ማርቲን ቦርማን አንድ ሰርኩላር አወጣ። ጎቲክ የሚባለው ፊደል የጀርመን አይደለም፤ «የሽቫባኸር የይሁዲ ፊደል» ነው፤ ከእንግዲህ መደበኛው ፊደል ክቡ ይሁን አለ። በታሪክ ዓይን ሐሰት ነበር። አንድ ፊደል ትናንት ይሁዲዎች እንዳይነኩት ተከለከለ፤ ዛሬ ደግሞ የይሁዲዎች ነው ተብሎ ተባረረ። ሰርኩላሩ የተጻፈበት ወረቀት አናት ላይ ያለው የፓርቲው ስም ደግሞ የታተመው በምን መሰላችሁ? በጥቁር ፊደል።

እውነተኛው ምክንያት ሌላ እንደነበር ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ጀርመን በጦርነት የያዘቻቸው አገሮች ሕዝብ ይህንን ፊደል ማንበብ ይቸግረዋል፤ የማይነበብ ትእዛዝ ደግሞ ለገዢ አይመችም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ፊደሉ ሁለት ጊዜ ተቀጥቶ ቀረ። ናዚዎቹ ስለከለከሉት ከትምህርት ቤት ወጣ፤ ዓለም ደግሞ የናዚዎች ነው ብሎ ሸሸው። በጀርመን ዛሬ የመድኃኒት ቤት ምልክት በሆነችው ቀይ «አ» ላይ፣ በመጠጥ ቤት ሰሌዳና በቢራ ላይ ይታያል። ታዋቂው የፍራንክፈርት ዕለታዊ ጋዜጣ እንኳ እስከ 2007 ድረስ የሐተታዎቹን ርዕስ በዚህ ፊደል ያወጣ ነበር፤ አሁን የቀረው በጋዜጣው ስም ላይ ብቻ ነው።

በሌላው ዓለም ግን ተከራይ አላጣም። ኒው ዮርክ ታይምስ በ1967 ከስሙ መጨረሻ ያለችውን ነጥብ አነሣ እንጂ ጥቁሩን ፊደል አልነካም፤ ለጋዜጣ ካባው «የቆየሁ ነኝ፣ እመኑኝ» ማለት ነውና። በ1977 የእንግሊዞቹ የሮክ ቡድን ሞተርሄድ የመጀመሪያውን አልበሙን ሲያወጣ ስሙን የጻፈው በዚሁ ነው፤ ለእነሱ ደግሞ «ተጠንቀቁኝ» ማለት ነው። በሎስ አንጀለስ የሚኖሩ የሜክሲኮ ተወላጆች ክንዳቸውና ደረታቸው ላይ የሰፈራቸውን፣ የእናታቸውንና የሞተ ወንድማቸውን ስም ይነቀሱበታል፤ ለእነሱ «አልረሳም» ማለት ነው። እምነት፣ ማስፈራራት፣ ለቅሶ፤ ሁሉም በአንድ ካባ።

ይህንን ሁሉ የምዘረዝረው ፊደሉ በእኛም ቤት ግድግዳ ላይ ስላለ ነው።

የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን እናቴ በመስተዋት አስገብታ ሳሎን ሰቅላዋለች። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ የቄስ ልጅ ናትና የብራና ጽሑፍ ግን ታውቃለች። የሰቀለች ዕለት ራቅ ብላ አየችውና «ይሄ ደግሞ የፈረንጅ ቁም ጽሕፈት ነው እንዴ?» አለችኝ። ከብዙ መጽሐፍ የማይገኝ ትችት ነው። የእኛም ቁም ጽሕፈት በመቃ ብዕር የሚጣል፣ ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን፣ ጥቁር ቀለሙ ገጹን የሚሞላ ፊደል ነው። ሁለቱም የተወለዱት ከብራናና ከሰፊ ብዕር ነው። በስም ሳይቀር የተገናኙበት አለ፤ በፊደል ሠዓሊው በይገዙ ብሥራት ስም ከሚጠሩት የኮምፒዩተር የግእዝ ፊደላት አንዱ «ጎቲክ» ይባላል።

ዝምድናው የቆየ ነው። በ1513 አውግስቡርግ ከተማ ላይ ለንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን የጸሎት መጽሐፍ ታተመ፤ ለፍራክቱር መንገድ የጠረገ ሥራ ነው። በዚያው ዓመት በሮም፣ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ሰው ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ከተባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ግእዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ። በማተሚያ የወጣው የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ ይህ ነው። እንግዲህ አንዱ የጀርመንን ጸሐፊዎች እጅ፣ ሌላው የእኛን ጸሐፊዎች እጅ በእርሳስ የቀረጹት በአንድ ዓመት ውስጥ ነው።

የዲፕሎማዬን ወረቀት ኮፒ ለብዙ መሥሪያ ቤት አስገብቻለሁ። እስከ ዛሬ ከላይ እስከ ታች ያነበበው ሰው አላጋጠመኝም። ሁሉም ግን አይተውታል። አናቱን አየት ያደርጉና «እሺ፣ ፋይል ውስጥ ይግባ» ይላሉ። ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ አሠሪዎቹም ይህንን ጠባያችንን ያውቁታል። አናቱ ካማረ ከሥሩ ያለው አይመረመርም።

ባለፈው ክረምት አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ጓደኛዬ በከፈታት ትንሽ ማተሚያ ቤት ተቀምጬ ነበር። ጽሑፍ የሚገዛኝ ሳጣ የሠርግ ጥሪና የሙት ዓመት ወረቀት አርምለታለሁ። አንድ ጥላ የያዙ ሽማግሌ ገቡ።

«ምን እንታዘዝ ጋሼ?» አለ ጓደኛዬ።

«የምስጋና ወረቀት ነበር። ለዕድራችን ገንዘብ ያዥ ነው። 22 ዓመት ይዘው አሁን ጉልበታቸው ደከመ፤ ሊያስረክቡ ነው።»

ጓደኛዬ ቀደም ሲል ለሌሎች የሠራቸውን ናሙናዎች ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተላቸው። ሽማግሌው አንዱን በጣታቸው ነኩት። «ይሄ! ዲፕሎማ ዲፕሎማ የሚለው። ግን ሁሉም በትልልቁ ይሁን።»

ይህ ፊደል በትልልቁ ብቻ ሲደረደር አይነበብም። ትልልቆቹ የተሠሩት እየብቻቸው የቃል መነሻ ላይ እንዲቆሙ ነው። ሲሰለፉ ሚዜዎቹ ሁሉ ካባ ለብሰው ሙሽራው የቱ እንደሆነ የማይታወቅበት ሠርግ ይሆናል። ጓደኛዬ ይህንን ሲያስረዳቸው እኔ ጣልቃ ገባሁ።

«ለመሆኑ ሴትዮዋ እንግሊዝኛ ያነባሉ?»

«ኧረ አያነቡም።»

«ታዲያ ምን ያደርግላቸዋል ጋሼ?»

«አያነቡትም፤ ግን ያውቁታል ልጄ። ሦስት ልጅ አስመርቀዋል። ልጆቹ ያመጡት ወረቀት ሁሉ በዚህ የተጻፈ ነው፤ ግድግዳው ላይ በተርታ አለ። የራሳቸው ግን አንድም የለም።»

መልስ አልነበረኝም። ጓደኛዬ ግን የአማርኛ ነገር ይወዳልና «ቆይ፣ በራሳችን ላሳይዎት» ብሎ «የምስጋና ምስክር ወረቀት» የሚለውን ቁም ጽሕፈት በሚመስል ወፍራም ፊደል ጻፈው። ያምር ነበር። ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ማማሩን ያምራል። ግን ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይላል። እሳቸው ደግሞ እስላም ናቸው። ዕድራችን የሁሉም ነው።»

በተለመደው የኮምፒዩተር አማርኛ ሲጻፍላቸው ደግሞ «ይሄማ የስብሰባ ማስታወቂያ ነው የሚመስለው» አሉ።

ሰውየው ስለ ፊደል ታሪክ የጻፉትን ሊቃውንት አላነበቡም፤ ግን አንድም ቃል አልሳቱም። የእኛ ፊደል ከካባ ነጻ የሆነ መስሎኝ ነበር የምሟገተው ብል ማጋነን ነው፤ ነገር ግን ካባው ለማን እንደሚጠብና ለማን እንደሚሰፋ ከሳቸው በተሻለ የነገረኝ የለም። ለአንዱ ክብር የሆነው መልክ ሌላውን ከደጅ ያስቀረዋል። ማንም የማያነበው የባዕድ ፊደል ደግሞ የማንም ባለመሆኑ የሁሉም ሊሆን ይችላል። ይህ አያስደስተኝም፤ ሐሰት ነው ማለት ግን አልችልም።

በመጨረሻ ተስማማን። አናቱ ላይ የእንግሊዝኛው ቃል በጥቁር ፊደል ይሁን፤ የሴትዮዋ ስም በአማርኛ ጎላ ብሎ ይጻፍ፤ ከሥሩ ያደረጉት ነገር በማያሻማ አማርኛ ይስፈር። «ምን እንበል?» አልኳቸው። ሽማግሌው ቆም ብለው አሰቡና እንዲህ ብለው አስጻፉኝ፦ «22 ዓመት የዕድራችንን ገንዘብ ይዘው አንድ ሳንቲም ሳያጎድሉ ስላስረከቡ፤ ዝናብም ሌሊትም ሳይሉ ለሁላችን ለቅሶ ስለደረሱ።»

ያችን ወረቀት ከ1454ቱ የስርየት ወረቀት ጎን ብታስቀምጧት መልካቸው አንድ ነው። ከላይ ወፍራም ጥቁር ፊደል፤ መካከሉ ላይ የሰው ስም፤ ከሥር ትንንሽ ጽሑፍ። በአንደኛው ላይ ትንሹ ጽሑፍ ገንዘብ ለከፈለ ሰው ምሕረትን ይሸጣል። በሌላኛው ላይ የሰው ገንዘብ ያልነካች ሴት 22 ዓመት ተመዝግቧል። ወፍራሙ ፊደል ሁለቱንም እኩል አክብሯል፤ ከዚያ በላይ አይጠበቅበትም። ልዩነቱ ያለው ከሥር ነው።

እንግዲህ ይህ ፊደል ሲያጋጥማችሁ ብድግ በሉለት፤ ግድ የለም፤ ዕድሜውም ግርማውም ያስነሣል። ከዚያ ግን ቁጭ በሉና ከሥሩ ያለውን አንብቡ።